ከወገቡ በፊት መቀመጫው

«ይህ ጉብታ ወገቤን እየወጋኝ ነው፤ ቆርጠህ አውጣልኝ።» በመኪና ወንበር ሥራ ላይ ያለ ሰው ከቆዳና ከቀለም ጥያቄ ቀጥሎ አዘውትሮ የሚሰማው ይህን ነው። ጉብታ የሚሉት ከመደገፊያው ታችኛ ክፍል ወደ ፊት ገፋ ብሎ የተሠራውን የወገብ ድጋፍ ነው። ደንበኛው ጣቱን ባሳረፈበት ባለሙያውም ቢላውን ያሳርፋል፤ ሒሳብ ተከፍሎ ይለያያሉ። በእኔ ፍርድ ያ ቢላ ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው የገባ ነው። ወገብ የሚያሳምም ወንበር በአብዛኛው ራሱ የታመመው ከሥር፣ መቀመጫው ላይ ነው።

የወገብ አከርካሪ 5 አንጓዎች አሉት፤ ስንቆም ወደ ሆድ በኩል ሰርጎድ ብለው ይደረደራሉ። ስንቀመጥ ዳሌ ወደ ኋላ ይንከባለልና ስርጉዱ ይጠፋል፣ በአንጓዎቹ መካከል ባለው ዲስክ ላይ የሚያርፈው ጫናም ይበረታል። ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም አልፍ ናኬምሰን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሕያው ሰው ዲስክ ውስጥ መርፌ አስገብቶ ይህን ግፊት ለክቷል። የአገሩ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ ተመሳሳይ ልኬት በመኪና ወንበር ላይ ሲያደርጉ፣ መደገፊያው ወደ ኋላ ጋደም ሲልና ወገብ ሲደገፍ ግፊቱ እንደሚቀንስ አዩ። ጉብታው እንግዲህ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም፤ ዳሌ እንዳይንከባለል ማገጃ ነው። ግን ይህን የሚያደርገው ከሰውየው ወገብ ትክክል ሲያርፍ ብቻ ነው።

መቀመጫው ሲደክም የሚፋለሰው ይኸው ነው። ስፖንጁ ይፈረፈራል፣ ሞላው ይረግባል፣ አንዳንዴም ሽቦውን የያዘው መንጠቆ ይበጠሳል። መቀመጫው 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ይሰምጣል፤ ሹፌሩ አብሮ ሲሰምጥ ጉብታው ባለበት ይቀራል። ለወገብ የታሰበው ነገር ወደ ጎድን አጥንት ይጠጋል፤ ከበታቹ ደግሞ ዳሌው የሚገባበት ባዶ ቦታ ይፈጠራል።

ኮሮላ የሚነዱ አንድ ጡረተኛ ደንበኛ ጉብታውን አስቆርጠው ሊሄዱ መጡ። «ጋሼ፣ እስቲ ወደ ኋላ ጠጋ ብለው ይቀመጡ» አልኳቸውና በሱሪ ቀበቷቸው ትክክል መደገፊያው ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔ አሰመርኩ። ሲወርዱ መስመሩ ከጉብታው ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። «ይኸው፣ አላልኩህም? ዝቅ አድርገው» አሉኝ። «ጉብታውን ዝቅ ከማደርግ እርስዎን ከፍ ባደርግ ይሻላል» አልኩ። መቀመጫውን ፈትቼ የላላውን ሽቦ ወጠርኩ፣ ከሥር ጠንካራ ስፖንጅ ደረብኩ። መደገፊያውን አልነካሁትም። ተቀምጠው ሲሞክሩት «ስንት ሳንቲ ቀነስክለት?» ብለው ጠየቁኝ።

ስፖንጅ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። ለፍራሽ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ በሜትር ኩብ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ለመኪና መቀመጫ ግን 50 እና ከዚያ በላይ እመርጣለሁ። ቀላሉ ሱቅ ውስጥ በእጅ ሲጫኑት ይመቻል፣ የሚኒባስ ሹፌር ውሎ ግን አይችልም። ከቁርጥራጭ ተጨፍልቆ የተሠራው ጠንካራ ስፖንጅ ከሥር፣ ለስላሳው ከላይ ሲሆን ጥሩ ነው። (ከኋላ ኪስ ቦርሳ አድርጎ የሚነዳውን ሰው ግን የትኛውም ስፖንጅ አያድነውም፤ ዳሌው በአንድ ጎን ከፍ እንዳለ ይውላል።)

ጉብታው ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜም አለ። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ መኪኖች ላይ የተሳፋሪው ወንበር የሹፌር ሆኖ የቀረበትን አያለሁ፤ ከፍታ ማስተካከያም የወገብ ማንሻም የለውም። ሌላው ላይ ማንሻው እያለ ኬብሉ ተበጥሶ ድጋፉ ወጥቶ ይቀራል። ለዚህ ኬብሉን መፈለግ እንጂ ስፖንጁን መላጥ መፍትሔ አይደለም። በቅርጽ የተጋገረ ስፖንጅ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም። ድጋፉ የማይስተካከል ከሆነም ከመቁረጥ ዙሪያውን እሞላለሁ፤ ጉብታ የሚወጋው ስለወጣ ብቻ ሳይሆን በላዩና በታቹ ያለው ስለጎደለ ነውና። 1 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ስፖንጅ ጠርዙን እንደ እንጀራ ዳር አሳስቼ፣ ማስቲሹን ዳር ዳሩን ብቻ ነክቼ እለጥፋለሁ። መሐሉን በማስቲሽ ያጠገበ ሰው ደረቅ ሳንቃ ሠርቶ ያስረክባል።

ገበያ ላይ ያለውን የወገብ ትራስ አልወደውም። ወፍራም ትራስ ሰውነትን በሙሉ ወደ ፊት ይገፋል፤ ጭንቅላት ከራስ መደገፊያው ይርቃል፣ ከኋላ የተገጨ ዕለትም አንገት ይቀጣል። ደረትም ወደ መሪው ይጠጋል፤ በደረትና በመሪው መሐል ግን ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር መኖር አለበት። መደገፊያው ጎን ውስጥ ኤርባግ ያለበትን ወንበር ደግሞ ባትሪ ሳልነቅልና ጥቂት ሳልቆይ አልከፍትም፤ የዚያ ጎን ስፌት ኤርባጉ ቀድዶት እንዲወጣ ታስቦ የተሰፋ ስለሆነ በማንኛውም ክር አይደገምም።

ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የወንበራቸው የወገብ ድጋፍ በቁልፍ የሚነፋና የሚተነፍስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ይመጡልኛል። ባለቤቶቹ ቁልፉን አግኝተው ሙሉ በሙሉ ነፍተው ያማርራሉ። ቅደም ተከተሉ ከድሮው አይለይም፦ ዳሌን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ፣ ከዚያ የፔዳል ርቀት፣ ከዚያ መደገፊያውን ከ100 እስከ 110 ዲግሪ፣ የወገቡ ድጋፍ በስተመጨረሻ ከባዶ ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ። ግቢ ውስጥ ተቀምጦ መፍረድ ያሳስታል፤ ደንበኛው ደብረ ብርሃን ድረስ ነድቶ ሲመለስ የሚነግረኝን ነው የማምነው። ጠዋት ተነፍቶ ቀትር ላይ የሚሟሽሽ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የአቀማመጥ አይደለም፤ አየር ያፈሳል፤ ፍለጋውን ከቱቦው መጋጠሚያ እጀምራለሁ።