ጂን የለየው ሊቅና የቦስተን ሕፃናት

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዘር ውርስ ተመራማሪ የሆነው ጆን ቤክዊዝ በ2002 ዓ. ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሕይወት ታሪኩን «ሜኪንግ ጂንስ፥ ሜኪንግ ዌቭስ» በሚል ስም አሳትሟል። ሰውዬው ሲመራመርም ሲከራከርም የኖረ ነው። ብዙዎች የሚያስታውሱት በ1969 ባሰማው ማስጠንቀቂያ ነው። በኔ አስተያየት ግን ከክርክሮቹ ሁሉ ደካማው ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ሥራውን እንመልከት፤ በእውነት የሚያስደንቅ ነውና። ቤክዊዝና ጓደኞቹ የላክቶስን ስኳር እንዲፈጭ ባክቴሪያውን የሚያስችሉትን ጂኖች ለብቻቸው ነጥለው ለማውጣት ፈለጉ። እነዚህኑ ጂኖች የተሸከሙ ሁለት ዓይነት ቫይረሶች አዘጋጁ፤ ነገር ግን ጂኖቹ በአንደኛው ቫይረስ ውስጥ ከሁለተኛው ተገልብጠው የተቀመጡ ነበሩ። የሁለቱን ቫይረሶች ዲ ኤን ኤ ወደ ነጠላ ክር ፈትተው ከየቫይረሱ አንዳንድ ክር ቢያጣምሩ፥ ሊገጥም የቻለው የጂኖቹ ክፍል ብቻ ሆነ። የቀረው ሳይጣመር ተንጠልጥሎ ቀረ፤ እሱንም ነጠላ ክር ብቻ በሚበላ ኤንዛይም አስወገዱት። ብልሃቱ ይኸው ነው፤ የተራቀቀ መሣሪያ ሳይሆን የተራቀቀ ሐሳብ ነው።

ወዲያው ጋዜጠኞች በተሰበሰቡበት፥ ይህን የመሰለው ዕውቀት ነገ በሰው ላይ ለክፉ ሊውል ይችላል ብለው አስጠነቀቁ። ቅንነታቸውን አልጠራጠርም። ከጓደኞቹ አንዱ ጄምስ ሻፒሮ ምርምሩን እስከ መተው ደርሶ ነበር፤ በኋላ ተመለሰ። ቤክዊዝም በ1970 ኢላይ ሊሊ በሚባለው የመድኃኒት ኩባንያ ስም የሚሰጠውን ሽልማት ተቀብሎ ገንዘቡን ለብላክ ፓንተር ፓርቲ ሰጠ። ይሁን እንጂ በእጃቸው የነበረው የባክቴሪያ ጂን ነው። ማስጠንቀቂያው ማን ምን እንዳያደርግ እንደሚከለክል አይነግረንም፤ ሰሚውም ደንግጦ ወደ ቤቱ ከመሄድ በቀር የሚሠራው ነገር የለውም።

የቦስተኑ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ወንድ ከእናቱ ኤክስ፥ ከአባቱ ዋይ የሚባለውን ክሮሞሶም ይወርሳል፤ ከሺህ ወንዶች አንዱ ያህል ዋዩ ሁለት ሆኖ ይወለዳል። በ1965 ፓትሪሺያ ጃኮብስና ባልደረቦችዋ፥ አደገኛ የተባሉ ሕሙማን በሚጠበቁበት የስኮትላንድ ሆስፒታል ከመረመሩዋቸው 197 ወንዶች 7ቱ እንዲህ ሆነው ተገኙ። ከዚህ ተነሥቶ «የወንጀለኛ ክሮሞሶም» የሚል ወሬ ተነዛ። በ1966 በቺካጎ ስምንት ወጣት ሴቶችን የገደለው ሪቻርድ ስፔክ ሁለት ዋይ አለው ተብሎ በጋዜጣ ተጻፈ፤ ሲመረመር ግን እንደ ማንኛውም ወንድ አንድ ብቻ ነበረው።

ወሬው ሳይበርድ በቦስተን ስታንሊ ዋልዘር የተባለው ሐኪምና ባልደረባው የሚወለዱትን ወንዶች ልጆች ክሮሞሶም መመርመር ጀመሩ። ሁለት ዋይ ሲገኝ ለወላጆች ይነገራል፤ ልጁም እያደገ ይከታተሉታል። በ1974 ቤክዊዝና ጆናታን ኪንግ ተቃወሙ። የእናቲቱ ፈቃድ የሚጠየቀው በምጥ ላይ ሳለች ነው ሲሉም ከሰሱ። ዋናው ነጥባቸው ግን ይህ ነበር፦ ልጅ ሁሉ ይቆጣል፥ ጓደኛውን ይመታል፤ ስለ ክሮሞሶሙ የተነገራት እናት ግን ቁጣውን እንደ ሌላ እናት አታየውም። ልጁ አመለኛ ቢሆን ከክሮሞሶሙ ነው ወይስ ከተፈራበት ዓይን? ክርክሩ የርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ጥናቱ ራሱ የሚለካውን ነገር ያበላሻል ማለት ነው። በኔ ግምት ቤክዊዝ ከተናገረው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ዋልዘርም ባዶ እጁን አልነበረም፤ ለነዚያ ልጆች ወላጆች ምክር ይሰጥ ነበር። የሃርቫርድ የሕክምና መምህራንም በ1975 በብዙ ድምፅ ጥናቱ እንዲቀጥል ወሰኑ፤ ዳሩ ግን አዲስ የሚወለዱትን መመርመሩ በዚያው ዓመት ቆመ።

አሁን ቤክዊዝን የምነቅፍበት ቦታ ላይ ደረስሁ። በ1976 ኮፐንሃገን ላይ ከ4139 ረዣዥም ወንዶች መካከል 12 ባለ ሁለት ዋይ ሰዎች ተገኙ። ከነዚህ 5ቱ በአንዳች ጥፋት ተፈርዶባቸው ነበር፤ ጥፋታቸው ግን አብዛኛው ቀላል ስርቆት እንጂ ደም ማፍሰስ አልነበረም። ስለዚህ ወሬውን ያዳከመው ተቃውሞ ብቻ ሳይሆን ቆጠራም ነው። ግን እነዚያ ሰዎች ባለ ሁለት ዋይ ሰው መኖሩ ራሱ በሳይንስ ሳይታወቅ የተወለዱና ያደጉ ናቸው፤ አንዲትም እናት በሕፃንነታቸው አልተነገራትም። ተቃዋሚዎቹ «ይህ አይመርመር» እና «እንዲህ ሆኖ አይመርመር» የሚሉትን ሁለት ነገሮች አጥብቀው ቢለዩ ኖሮ፥ ከመምህራኑ ብዙዎቹን ባሳመኑ ነበር ብዬ አምናለሁ። ቤክዊዝ ኋላ የሰው ጂኖም ጥናት የሥነ ምግባር ጉዳዮችን በሚመለከተው ኮሚቴ ውስጥ ገብቶ ሠርቷል፤ እዚያ እንዲህ ያለውን ልዩነት መዘርዘር የዕለት ሥራው ሳይሆን አልቀረም።

ሐኪም ለመሆን የሚያስብ ጓደኛዬ ይህን ሳጫውተው «የሚያውቀውን የሚደብቅ ሐኪም ውሸታም ነው» አለኝ። ዋልዘርስ በዚያን ጊዜ የሚያውቀው ምን ነበር? አልሁት፤ ከ197 ሕሙማን ሰባት መገኘታቸውን ነው። እሱም «እናቲቱ ራስዋ ብትጠይቅህስ?» አለኝ። ለዚህ ገና መልስ አላገኘሁለትም።