መጽሐፉ ለስንት ዓመት ልጅ ነው?

በአብያተ ክርስቲያናችን ለልጆች መጽሐፍ ሲመረጥ የሚነሣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ንጹሕ ነው ወይ?» ስድብ ከሌለበት፣ ጠንቋይ ከሌለበት፣ መጨረሻው ላይም ምክር ካለው ያልፋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ብቻውን ሲቆም ግን ለአምስት ዓመት ሕፃንና ለዐሥራ ሰባት ዓመት ወጣት አንድ ዓይነት መጽሐፍ ያስመርጠናል። በየመደርደሪያችን ያሉትን ተመልከቱ፤ ታሪክ የተባሉ ስብከቶች ናቸው፤ መጨረሻቸው ከመጀመሪያው ገጽ ይታወቃል፤ ማንም ሁለተኛ ጊዜ አይዋሳቸውም።

ይህን የምጽፈው ለወላጆች ሳይሆን ለእናንተ ነው። ታናናሾቻችሁ ከወላጅ እጅ ይልቅ ከእናንተ እጅ የወጣን መጽሐፍ ይጓጉለታል፤ ብዙዎቻችሁም የልጆች ክፍል ታስተምራላችሁ።

ስለ ትንንሾቹ ብዙ አልልም። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ የሚያነበው በጆሮው ነው። አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ትውልድ ያሳደጉት በድምፃቸው፣ በእንስሳት ተረትና በሳቅ ነበር። ለዚህ ዕድሜ ጥሩ መጽሐፍ ጮክ ተብሎ ሲነበብ የሚጥም፣ ልጁም «ድገምልኝ» የሚለው ነው።

ከስምንት እስከ ዐሥራ አንድ ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ ዳኛ ነው። አታላዩ እንዲያዝ፣ የተበደለው እንዲካስ ይፈልጋል። ለዚህ ዕድሜ የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» የሚያህል በአማርኛ አላገኘሁም። አጫጭር ነው፤ ግጥሙ በቃል ይያዛል። ምክሩም ቢሆን የሚመጣው ታሪኩ በራሱ እግር ከቆመ በኋላ ነው። ቋንቋው ለዛሬ ልጅ አንዳንድ ቦታ ይከብዳል፤ ስለዚህ አብራችሁት ተቀመጡ። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት በገባ ጊዜ የተናገረውን አስታውሱ (2ኛ ሳሙኤል 12)። ተግሣጹን አላስቀደመም፤ ስለ አንዲት በግ አወራ። ንጉሡ በታሪኩ ተቆጥቶ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ጠበቀው። ብዙ የልጆች መጽሐፍ ጸሐፊዎቻችን ይህን ትዕግሥት የላቸውም፤ በጓ ሳትታረድ ምክሩ ይደርሳል።

እንግሊዝኛ የሚያነቡ ታዳጊዎች ካሏችሁ እ.ኤ.አ. በ1950 የታተመውን የሲ. ኤስ. ልዊስን የናርኒያ የመጀመሪያ መጽሐፍ ስጧቸው። ጠንቋይ አለችበት ብለው የሚከለክሉ አሉ። ጠንቋይዋ ግን የምትታየው እንደ ክፉ ነው፤ በጣፋጭ የተታለለው ልጅም በደሉ ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ አንባቢው ያያል። ልዊስ መጽሐፉን ለክርስትና ልጁ ለሉሲ ሲያበረክት ጽፎ እስኪጨርስ እሷ ለተረት እንዳደገችበት፣ ኋላ ግን ዕድሜዋ ወደ ተረት እንደሚመልሳት ነግሯታል። ዕድሜና መጽሐፍ እንዲህ ይተላለፋሉ። የዘንድሮው መጽሐፍ ለከርሞ ያንሳል፤ የተጣለውም ይመለሳል።

አስቸጋሪው ከዐሥራ አምስት በላይ ያለው ነው። እዚህ ላይ አንድ መጽሐፍ ልጥቀስ፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር»። በወጣቶች ቤተ መጻሕፍት ይግባ አይግባ የሚለው ክርክር ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም። የሚቃወሙት ምክንያት አላቸው፤ ከጋብቻ ውጭ ያለ ፍቅር አለበት፤ የሃይማኖት ሰዎችንም ይነቅፋል። እኔ ይግባ እላለሁ። የምለውም አማርኛው ስለሚያምር ብቻ አይደለም።

በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ ነው። እሱ አልተሳለም፤ ቃሉን የሰጡት እነሱ ናቸው። አድጎ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ የሚያስጨንቀው የፊታውራሪ መሸሻ ቁጣ ብቻ ሳይሆን ያ ስእለት ጭምር ነው። ሥርዓቱ ከእኛ ይለያል፤ ጥያቄው ግን የእኛ ቤት ልጆች ጥያቄ ነው። በቤተ ክርስቲያን ተወልዶ፣ በመዝሙር አድጎ፣ «ይህ ልጅ የጌታ ነው» እየተባለ የኖረ ወጣት አንድ ሌሊት «ይህ እምነት የእኔ ነው ወይስ የእናቴ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ብዙዎች ይህን ለማንም ሳይናገሩ ቀስ ብለው ይርቁናል። መጽሐፍ ቅዱስም ጥያቄውን አይሸሸውም። የሐና ስእለት ሳሙኤልን ሰጠን፤ የዮፍታሔ ስእለት ግን ልጁን አስለቀሰ። ሁለቱን ከበዛብህ ጎን አስቀምጦ የሚያነብ ወጣት አፉን የሚከፍትበት ነገር ያገኛል። ንጹሕና ባዶ የሆነው መጽሐፍ ይህን አያደርግለትም።

ለዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ግን አልሰጠውም። የሚታየው ፍቅሩ ብቻ ነው፤ የገበሬዎቹ ዐመፅና የጉዱ ካሣ ክርክር ያልፈዋል፤ ውፍረቱም ያሰለቸዋል። ያለ ጊዜው የተሰጠ ጥሩ መጽሐፍ «አንብቤዋለሁ» ተብሎ ለዘላለም ይዘጋል። ዐሥራ ስድስት ሲሞላው፣ ያውም ከሚያወያየው ሰው ጋር። ውፍረቱን ለሚፈራ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው አለ፤ እየሰማ ይከተል።

የንባብ ቡድን የምትጀምሩ ከሆነ መጽሐፉን አስቀድማችሁ ራሳችሁ ጨርሱት። በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ስእለቱ ብቻ ተወያዩ፤ ሰብለን ለሁለተኛው አቆዩአት።