ከቁፋሮው በፊት የተቀዳ ውሃ

ኩታበር ላይ ለግንባታ የታሰበ አንድ ሜዳ ልንመረምር ሄደን፣ መሣሪያውን ከመኪናው ሳናወርድ አንድ አዛውንት ቆመው ያዩናል። «አባባ፣ እዚህ ድሮ ምን ነበር?» አልኳቸው።

«መንገድ ሠሪዎች ሰፍረውበት ነበር፣ ልጄ» አሉና በከዘራቸው ወደ ጥጉ አመለከቱ። «የመኪና የተቃጠለ ዘይት እዚያች ጋ ያፈሱ ነበር። ሣር ያበቀለው በቅርቡ ነው።»

በእጃችን ባለው ካርታ ላይ ያ ጥግ እርሻ ነው። በእጅ መሰርሰሪያ አንድ ሜትር ተኩል ወርደን ያወጣነው ዋልካ ግን ጋራዥ ጋራዥ ይሸት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ሳልጠይቅ ጉድጓድ አላስቆፍርም።

ዋልካ ውሃ አያሳልፍም የሚሉ አሉ። በክረምት እውነት ነው። በበጋ ግን እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ላዩ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይዞ በስንጥቁ ይወርዳል። ከሥሩ ያለው ባዛልትም ውሃ የሚያስኬደው በስንጥቁ ነው፤ አሸዋ እንደሚያጣራው አያጣራም። ስለዚህ ከሜዳው በታች ያሉትን ምንጮች ሳልቀዳ አልመለስም።

ከጉድጓድ ናሙና ስወስድ የቆመውን ውሃ ሦስት እጥፍ ያህል ቀድቼ እደፋለሁ። ጀሪካን ይዘው ወረፋ በሚጠብቁ እናቶች ፊት ውሃ መድፋት ይከብዳል። ቢሆንም የቆመ ውሃ ስለ ቧንቧው እንጂ ስለ ምድሩ አይናገርም። ሙቀቱና ፒኤቹ ሲረጋ እቀዳለሁ። ለብረታ ብረት ምርመራ የሚሄደው ጠርሙስ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ የናይትሬቱ በበረዶ ሣጥን ሆኖ በ48 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ላቦራቶሪው ያለበት አዲስ አበባ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ አርብ ከሰዓት ናሙና አልቀዳም።

ይህን ሁሉ መድከም ለምን እንደሚያስፈልግ ኮምቦልቻን ያየ ይረዳዋል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ የተመረቀው በሐምሌ 2009 ነው፤ ሌሎች ፋብሪካዎች ግን ከዚያ አስቀድሞ ነበሩ። የቆዳ ፋብሪካን እንውሰድ፦ ቆዳ በአብዛኛው የሚለፋው በክሮሚየም ነው፤ ባዛልትም በተፈጥሮው ክሮሚየም አለው። ወንዝ ውስጥ ክሮሚየም ሲገኝ የድንጋዩ ስንቱ፣ የፋብሪካው ስንቱ እንደሆነ ለመለየት ዋናው ማስረጃ ፋብሪካ ከመተከሉ በፊት የተቀዳ ናሙና ነው። እሱ ከሌለ ከታች ያለው ገበሬ በምን ይሟገታል?

አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ከግንባታ በፊት እንዲደረግ ያዛል። ሆኖም የውሃው ክፍል ከሌላ ወረዳ ጥናት ተገልብጦ፣ የወንዙ ስም እንኳ ሳይቀየር የቀረበ ሰነድ አንብቤያለሁ። ያንን ውሃ የሚጠጣ ሕፃን እንዳለ ለሚያውቅ ሰው ይህ ስንፍና ሳይሆን በደል ነው።

ኩታበርም ሆነ መካነ ሰላም መሬት ተረክባችሁ የምትገነቡ ሁሉ፦ ግሬደሩ ሳይገባ ምንጮቹን አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ በክረምት ቅዱ። ውጤቱንም ለቀበሌው ስጡ።