ደረጃው ላይ የተቀመጠው አንበሳ

ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማ የሚያውቅ ገዢ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ጥበቡን ገልብጦ ያያል። ሸማኔው ጥለቱን ከድሩ ጋር አዋህዶ መሥራቱ የሚታወቀው ከግልባጩ ነው። ከዚያ ገበያ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ቁልቁል ወርዶ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ለሚገባ ሰው ይህ ዓይን ይጠቅመዋል። ግቢው ቤተ መንግሥት ነበር፤ ዛሬ ተማሪ የሚማርበትና የሚያድርበት ነው። በዘጠና ዓመት ውስጥ ብዙ እጅ ስለገባበት፣ የኋለኛው እጅ የፊተኛውን ሥራ እንዴት እንደያዘው ማየት ደስ ይላል።

ቤተ መንግሥቱ፣ ገነተ ልዑል፣ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው፤ የስዊድኑን አልጋ ወራሽ ለመቀበል ታስቦ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በወራሪው የጣሊያን ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ቤት ደጃፍ ነው። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ደግሞ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ታግተው የነበሩ ሹማምንት ተረሸኑ። በዓመቱ ንጉሠ ነገሥቱ ቤታቸውን ለትምህርት ሰጡ፤ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ።

ከቤቱ ፊት የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። ያቆሙት ጣሊያኖች ናቸው። 14 እርከን አለው፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ የፋሺስት ዓመት አንድ እርከን መሆኑ ነው። ዓላማው ክፉ ነበር፤ የእጁ ሥራ ግን የአዋቂ ነው፣ ይህን መካድ አይገባም። እየዞረ የሚወጣ ደረጃን በአርማታ መሥራት ከባድ ነው። ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት ቅርጹን የሚይዘው እንጨት እየታጠፈ ከፍ ማለት አለበት፤ ፌሮውም ያንኑ መንገድ ተከትሎ ይታሰራል። አናጺው ታችኛው እርከን ላይ ጥቂት ከሳተ ስሕተቱ እስከ ጫፍ ይከተለዋል። ይህ ደረጃ ግን ዞሮ ዞሮ ሳይሰበር ወደ ላይ ይሄዳል።

ከድል በኋላ ይህን ማፍረስ ቀላል ነበር፤ ማን ይቃወም ነበር? የእኛ ሰዎች ግን ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። እኔን የሚያስደንቀኝ ልኩ ነው። አንበሳው ግዙፍ አይደለም። ቢተልቅ ኖሮ ደረጃውን ይጫነው፣ ዓይናችንም እርከኖቹን አይቆጥርም ነበር። አሁን ግን ዓይን ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ይወጣና መጨረሻው አንበሳው ሥር ይሆናል። የጠላት ቆጠራ ለባለአገሩ መቀመጫ ሆነ። በአዲስ አበባ ከቆሙት ሐውልቶች ውስጥ ይህን ያህል በትንሽ ጭማሪ ብዙ የተናገረ አላውቅም፤ ከግቢው ውጭ አደባባዩ ላይ የዩጎዝላቪያዎቹ ቀራጮች አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የሠሩትን የየካቲት 12 ሐውልት እያከበርኩ ነው ይህን የምለው።

ቤቱ ውስጥም ያው ጥንቃቄ አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤቱን ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ሲያደርገው መኝታ ክፍሉንና መታጠቢያ ቤቱን አልደመሰሰም። ንጉሡ የተኙበት ክፍል ከሥዕለ ቅዱሳንና ከመስቀሎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይጎበኛል። መስተዋቱ ላይ የ1953ቱ ጥይት የበሳው ቀዳዳ እንዳለ ነው። አዲስ መስተዋት ማስገባት የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ አለመንካትም ሙያ መሆኑን ያወቀ ሰው ግን አልነካውም።

በኋላ የተጨመሩት የመማሪያና የማደሪያ ብሎኮች እንዲህ አልታደሉም። የተማሪው ቁጥር ሲጨምር ቦታ ማግኘት ግድ ነበር፣ ያንን እረዳለሁ። ነገር ግን አብዛኞቹ የትኛውም ከተማ፣ የትኛውም ግቢ ውስጥ ሊቆሙ የሚችሉ ናቸው፤ ጎረቤታቸው ማን እንደሆነ የሚያውቁ አይመስሉም።

ስለዚህ በዚህ ግቢ ቀጣዩን ሕንፃ ለምትነድፉ አርክቴክቶችና ለምታሠሩ ኃላፊዎች አንድ ልመና አለኝ፦ ወረቀቱ ላይ መስመር ከማስመራችሁ በፊት ግንበኛውንና አናጺውን ይዛችሁ ደረጃው ሥር ቁሙ፤ አንበሳው በምን ልክ እንደተቀመጠም አብራችሁ ለኩ።