ግማሽ ዞሮ መሄድ

መጀመሪያ ልብ ያልኩት የአስጎብኚያችንን አረማመድ ነው። ከፊታችን ይሄዳል፤ ጀርባውን ግን አይሰጠንም። አንዱን ትከሻ ወደ መንገዱ፣ ሌላውን ወደ እኛ አድርጎ ግማሽ ዞሮ ይራመዳል። ከወዲያ የሚመጣውን የሕፃናት ጋሪ እያየ እኛን ይቆጥራል። አሥር ነበርን፤ ጣቱን ቀስሮ ወይም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲቆጥር ግን አንድም ጊዜ አላየሁትም። የአክስቴ ልጅ ውኃ ለመጠጣት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስትቀር ወሬውን ሳያቋርጥ ቆም አለ፤ ጠጥታ ስትመጣ ቀጠለ። ልጅቱ መጠበቋን እንኳን አላወቀችም።

እርምጃውን የለካው በእናቴ ጉልበት ነበር። ጉልበቷን እንደሚያማት ማንም አልነገረውም። ጠዋት ስንገናኝ ከመኪና ስትወርድ በሩን እንዴት አድርጋ እንደያዘች አይቷል፤ በቃ፣ ያ በቂ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰባት ሰዓት ሙሉ እናቴ ከኋላ አልቀረችም፤ ለእሷ ተብሎ መንገዱ የዘገየ የመሰለውም ሰው አልነበረም። ደረጃ ባለበት በኩል አልወሰደንም። ቁሙ ያለን ሁሉ ጥላ ስር ነው፤ ጥላ ስርም ሆኖ ሁልጊዜ የምትደገፍበት አጥር ወይም የምትቀመጥበት ልሙጥ ድንጋይ በአጠገቧ አለ። ይህን ያስተዋልኩት ከሦስተኛው ማረፊያ በኋላ ነው። አንዴ ካየሁት ወዲያ ግን ከጨዋታው ይልቅ እሱን ሳይ ዋልኩ።

ቦታው ፍሎሪዳ ውስጥ ኦርላንዶ አጠገብ ያለው ማጂክ ኪንግደም ነው፤ ከዋልት ዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች የመጀመሪያው፣ በ1971 የተከፈተው። እኛ ቨርጂኒያ የምንኖር ዘመዳሞች ነን። እናቴ ከጎጃም ልትጠይቀን የመጣችበት ክረምት ስለነበር፣ ልጆቹን ከአያታቸው ጋር አንድ ቀን እናውላቸው ብለን ተማከርን። የግል አስጎብኚ እንቅጠር የሚለው ሐሳብ ሲነሳ ግን ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። የሚከፈለው በሰዓት ነው፤ እንደ ወቅቱ ከ450 እስከ 900 ዶላር ገደማ ይሄዳል፤ ከ7 ሰዓት በታች አይቀጠርም። የፓርኩ መግቢያ ትኬት ለብቻው ነው። በሰዓት 600 ብንል 4,200 ዶላር ማለት ነው። ታላቅ ወንድሜ ቁጥሩን ሲሰማ የቡና ስኒውን አስቀመጠ። አንድ አስጎብኚ እስከ 10 ሰው ይወስዳል ሲባል ግን ነገሩ እንደ ዕቁብ ሆነ፤ ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 420 ደረሰ። ያም ቀላል አይደለም። ከእኛ መካከል ያን ገንዘብ ለማግኘት ሁለት ቀን ሙሉ የሚሠራ ሰው አለ።

ብዙ ሰው በዚህ ዋጋ የሚገዛው ሰልፍ አለመሰለፍን ነው። እርግጥ ነው፣ አስጎብኚው ላይትኒንግ ሌን በሚሉት አጭር መግቢያ ያስገባል። በፍሎሪዳ የሐምሌ ሙቀት አንድ ሰዓት መቆም ምን እንደሆነ የቆመ ያውቀዋል። ነገር ግን የተገዛው ነገር ያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። አጭሩን መግቢያ ብቻውን በጣም ባነሰ ገንዘብ መግዛት ይቻላል። እኔ ግን ያየሁት የዚያን ባለ ዳማ ሰደርያ የለበሰ ሰው የሰባት ሰዓት ሙያ ነው፤ ሙያውም ጥሩ ሸማኔ ቁጢት ላይ ከሚያሳየው አያንስም።

ከሙያው አንዱ ዝም ማለት ነው። አንድ ጊዜ በሌላ አገር አንድ ሙዚየም ውስጥ፣ ባንዲራ ከፍ አድርጋ የምትመራን አስጎብኚ ነበረች። ከበር እስከ በር ሳታቋርጥ አወራች፤ ሥዕሉን የምናይበት ዓይን አልተረፈልንም። የእኛው ሰው ግን ነገሩን ከማየታችን በፊት ምንም አይነግረንም። ሆንትድ ማንሽን ወደሚሉት የመናፍስት ቤት ሲያስገባን ያለን "ግቡ" ብቻ ነበር። እዚያ ውስጥ አንድ የድግስ አዳራሽ አለ። ከላይ ሆነው ሲያዩት መናፍስት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይደንሳሉ፤ ጨርቃቸው ብርሃን ያሳልፋል፤ ወንበሩና ጠረጴዛው በገላቸው ውስጥ አልፎ ይታያል። ወጥተን ጥላ ስር ስንቆም ትንሿን ልጅ ወደ ጎን ጠራና "ምስጢሩን ማወቅ ትፈልጊያለሽ ወይስ መናፍስት ሆነው ይቅሩልሽ?" አላት። ይቅሩልኝ አለች። ከእናቷ ጋር ፖፕኮርን ልትገዛ ስትሄድ ለእኛ ነገረን። በተመልካቹና በአዳራሹ መካከል የማይታይ ትልቅ መስታወት ቆሟል። ዳንሰኞቹ አሻንጉሊቶች ናቸው፤ አዳራሹ ውስጥ ሳይሆኑ እኛ በማናይበት ስፍራ ብርሃን ተደርጎላቸው ይሽከረከራሉ፤ እኛ የምናየው መስታወቱ ላይ ያረፈውን ነጸብራቃቸውን ነው። ዘዴው ከ1862 ጀምሮ ለንደን ውስጥ ጆን ሄንሪ ፔፐር በሚባል የሳይንስ መምህር ታዋቂ የሆነ፣ እስከ ዛሬም በእሱ ስም የሚጠራ ነው። መጀመሪያ መደነቅ፣ ቀጥሎ ማወቅ፤ ማወቅ የማይፈልገውንም አለማስገደድ። ቅደም ተከተሉን በደንብ አስቦበታል።

ፈረሶቹ ጋም እንዲሁ አደረገ። ከሲንደሬላ ቤተ መንግሥት ጀርባ ካሩሰል የሚሉት አንድ የሚሽከረከር የፈረስ መጫወቻ አለ፤ ፊላደልፊያ ቶቦጋን ካምፓኒ በ1917 ለዲትሮይት የሠራው፣ ኋላ ኒው ጀርዚ ውስጥ ሲሽከረከር የኖረ፣ ዲዝኒ በ1967 ገዝቶ ያደሰው። ጥንታውያኑ ፈረሶች ከሜፕል እንጨት በእጅ የተፈለፈሉ ናቸው። መጀመሪያ ውጭ አቁሞ ሁለት ዙር ብቻ አሳየን። የጋማው ጥቅልል፣ የደረቱ ጌጥ፣ የኮርቻው አበባ አንዱ ከሌላው አይደገምም። ከዚያ ልጆቹን ይዞ ወጣና በግራ በኩል አሳፈራቸው። ወንድሜ ነው መጀመሪያ የገባው፤ "ይሄኛው ጎን ባዶ ነው እኮ!" አለ። ባዶ እንኳን አይደለም፤ ግን ጋማው ለስላሳ ነው፣ ጌጡም ጥቂት። አሜሪካ ውስጥ ካሩሰል ከሰዓት አቅጣጫ ተቃራኒ ስለሚዞር፣ ውጭ የቆመ ሰው የሚያየው የፈረሱን ቀኝ ጎን ነው። ጠራቢዎቹም ጊዜያቸውንና ብልሃታቸውን በቀኝ ጎን አፈሰሱ። እኔ ግን ዓይኔ የቀረው በግራው ጎን ላይ ነው። ጌጡን ቀነሱ እንጂ የጡንቻውን ቅርጽ አልቀነሱም፤ ማንም በማያይበት በኩል የፈረሱ ጭን እንደ ሕያው ፈረስ ጭን ተወጥሮ ይታያል።

ስለ መሬቱ የነገረን ባጭሩ ነው፤ ለእኔ ግን ከባዱ ነገር እሱ ነበር። "አሁን የቆማችሁት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው" አለን። ፍሎሪዳ ውኃው ለመሬቱ ገጽ ቅርብ ስለሆነ ወደ ታች መቆፈር አይሆንም። ስለዚህ የሠራተኞቹን መተላለፊያ ዋሻ መሬት ላይ ሠሩ፤ ከፊት ለፊት ያለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲቆፈር በወጣው አፈር ዙሪያውን ሞሉት፤ ፓርኩን ከላይ አነጹት። ልብስ፣ ምግብ፣ ቆሻሻ፣ የራስ ልብሱን ብብቱ ስር የያዘ ተዋናይ፣ ሁሉም በስራችን ይመላለሳል። እናቴ ይህን ስተረጉምላት ጫማዋን አየች፤ ከዚያ ድንጋዩን በእግሯ መታ መታ አደረገችው።

ስለ ሞዛይኩ ግን ማሳጠር አልችልም።

የሲንደሬላ ቤተ መንግሥት 189 ጫማ፣ ወደ 58 ሜትር ይረዝማል። ድንጋይ ይመስላል እንጂ ኮንክሪት፣ ብረትና ፋይበርግላስ ነው። ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ድንጋይ መሳዩ መደብና መስኮቱ እያነሰ ስለሚሄድ ከልኩ በላይ ረጅም ሆኖ ይታያል። ሰው በሥሩ ባለው ቅስት እየተጋፋ ያልፋል። በዚያ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ አምስት የሞዛይክ ሥዕሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 15 ጫማ ቁመት፣ 10 ጫማ ስፋት አላቸው። ከ300,000 በላይ የጣሊያን መስታወት ቁራጮች፣ ከ500 በላይ ቀለማት፤ በየቦታው ብርና ባለ 14 ካራት ወርቅ ተዋህዷል። ስድስት ባለሙያዎች 22 ወር ሠርተውታል። አብዛኛው ሰው ወደ ጨዋታው እየቸኮለ አጠገቡን አልፎ ይሄዳል። እኛም ብቻችንን ብንመጣ እናልፈው ነበር።

አስጎብኚያችን ቅስቱ ውስጥ ሲደርስ አልቆመም፤ ቀስ አለ። በሰው ጎርፍና በግድግዳው መካከል ራሱን አስገብቶ፣ ትከሻውን እንደ መከላከያ አድርጎ፣ ለእናቴ አንድ ክንድ የሚያህል ባዶ ቦታ ፈጠረላት። ከዚያ ዝም አለ። እናቴ ቀረበች። ቀኝ እጇን አንስታ፣ ጣቷን ከመስታወቱ ጥቂት አርቃ፣ በአየር ላይ መስመሩን ትከተል ጀመር፤ ወደ ላይ፣ ዞር፣ ወደ ውስጥ፣ ደግሞ ወደ ላይ። እሱ የሚያየው ሥዕሉን ሳይሆን ጣቷን ነበር። ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ምንድን ነው የምትሰፋው?" አለኝ።

መሶብ ትሰፋለች። አርባ ዓመት ስንደዶና አክርማ ይዛ የኖረች ሴት ናት፤ የወስፌው ምልክት አውራ ጣቷ ላይ አለ። ይህን ስነግረው ከዚያ በፊት ለስንት ሰው እንደነገረው የማላውቀውን ትረካ ተወው። ስለ ሲንደሬላ ተረት አንድ ቃል አልተናገረም። የነገራት ስለ ቀለሙ ነው። የሁለቱ የእንጀራ እህቶቿ ፊት ለምን እንደማይመሳሰል አሳያት፤ የአንዷ በቅናት አረንጓዴ፣ የሌላዋ በንዴት ቀይ ሆኗል። አረንጓዴው አንድ ዓይነት አረንጓዴ አለመሆኑን እናቴ ከእሱ ቀድማ አየችው፤ አምስት ብላ ቆጠረች፤ ቀጥሎ ስድስት።

ንድፉን ያወጣችው ዶሮቲያ ሬድመንድ ናት፤ ከዚያ በፊት ለሂችኮክ ፊልሞች ትዕይንት ስትሥል የኖረች። መስታወቱን የደረደሩትን ባለሙያዎች የመራው ሃንስ ዮአኪም ሻርፍ ይባላል። ይህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን አየር ኃይል መርማሪ ነበር። የተማረኩ አሜሪካውያን አብራሪዎችን ሳይመታ፣ ሳይጮህባቸው፣ አብሯቸው እየተራመደና እየተጫወተ በማናገር ነው የታወቀው። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ገብቶ ሞዛይክ ሠሪ ሆነ። ይህን ሁሉ ተረጎምኩላት። እናቴ ጥቂት አሰበችና "ታጋሽ ሰው ነበር ማለት ነው" አለች። ቃሏን ለአስጎብኚያችን መልሼ ነገርኩት። ደግሜ እንድናገረው ጠየቀኝ፤ ቃል በቃል።

ስለ ገንዘቡ ለሚጠይቁኝ ዘመዶች የምመልሰው እንዲህ ነው። ሁለት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ አትክፈሉ፤ 4,200 ዶላር ለሁለት ሰው የወር የቤት ኪራይ ነው፣ ከዚያም ይበልጣል። ሥራውን ማየት ከፈለጋችሁ ኪይስ ቱ ዘ ኪንግደም የሚባል የእግር ጉብኝት አለ፤ ከሌሎች ጎብኚዎች ጋር በቡድን የሚኬድ፣ አምስት ሰዓት ያህል የሚፈጅ፣ ዋሻው ድረስም የሚያስገባ ነው፤ ዋጋው ከግሉ ጋር አይነጻጸርም። ዕድሜው 16 ያልሞላ ግን አይገባበትም። አሥር ከሆናችሁ፣ ከመካከላችሁም ጉልበቷን የሚያማት እናትና ከእጃችሁ የሚያመልጥ ሕፃን ካለ፣ አዎ፣ ያወጣል። ለጨዋታው ብዛት ብላችሁ ብቻ ከሆነ ግን ያንን ሰው በከንቱ ታደክሙታላችሁ።

ሰባተኛው ሰዓት ላይ ልጆቹ ጠግበዋል፣ እኛም ደክመናል። ወንድሜ ሰዓቱን አየና ሃያ ደቂቃ ይቀረናል፣ አንድ ጨዋታ ይበቃዋል አለ። አስጎብኚያችን ፈገግ ብሎ ወደ እናቴ ዞረ። ጠዋት ያስተማርነውን ስሟን በራሱ አነጋገር "ኢማማ" አለና በእጁ ወደ ቅስቱ አመለከተ። ያን ሃያ ደቂቃ የተረፈ አድርጌ ነበር የገመትኩት። እሱ ግን ከጠዋት ጀምሮ ከየጨዋታው ሁለት ሁለት ደቂቃ እየቆጠበ አስቀምጦላት ኖሯል።

በዚያ ሰዓት ቅስቱ ውስጥ ሰው ቀለል ብሏል። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ከመጀመሪያው ሥዕል ጀመረች። ሁለተኛው ጋ ስትደርስ ቆመችና "ልጄ፣ ስፌት መነሻ አለው። ይሄ ሰው ከየት ነው የጀመረው?" አለችው። ተረጎምኩለት። "አላውቅም" አለ፤ "እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰውም የለም።" ከዚያ ሰደርያውን ሰብሰብ አድርጎ ከአጠገቧ በርከክ አለ። እሷ ከላይ፣ እሱ ከታች፣ መነሻውን ይፈልጉ ጀመር።