ማንም ካልቆመበት ሰማይ የታየች ከተማ

አገር እንዲህ በተጨነቀችበት ወቅት ስለ 500 ዓመት ሥዕል መጻፍ ቅንጦት ይመስል ይሆናል። ጥቂት ታገሱኝ፤ ነገሩ ወደ እኛው ይመለሳል።

ቬኒስ በሚገኘው የኮረር ሙዚየም ከያኮፖ ደ ባርባሪ ሥራ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። እ.ኤ.አ. በ1500 የታተመና ከተማዋን ከነውሃዋ ከሰማይ ቁልቁል የሚያሳይ ነው። በስድስት የእንጨት ገበታዎች ተቀርጾ የታተመው ይህ ሥዕል ሲገጣጠም ወርዱ 2.8 ሜትር ገደማ ይሆናል። አሳታሚው አንቶን ኮልብ ሥራው ሦስት ዓመት እንደፈጀ ለመንግሥት አመልክቶ ነበር። ገበታዎቹም እስከ ዛሬ እዚያው ሙዚየም አሉ።

በዚህ ጥበብ ቀለም የሚይዘው ሳይነካ የቀረው እንጨት ነው፤ ነጩ ተፈልፍሎ የወጣው ክፍል ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ጸጥ ያለ ውሃ የቢላዋ ድካም ውጤት ነው። እኔን እጅግ የማረከኝም ይኸው ነው።

ነገር ግን ባርባሪ የቆመበት ሰማይ ላይ በዚያ ዘመን የወጣ ሰው አልነበረም። ጣሪያውን፣ መስኮቱን፣ መርከቡን በትዕግሥት ቆጥሮ አስቀምጧል፤ ሰዉ ግን እንደ ጉንዳን አንሷል። ከላይ የንግድ አምላክ ሜርኩሪ፣ ከታች የባሕር አምላክ ኔፕቱን ጎልተው ይታያሉ። ከተማዋ ለባለ ሀብትና ለባለ ሥልጣን የምትታየውን ያህል ነው የታየችው።

አንድ ነገር ግን አልደበቀም። የቅዱስ ማርቆስ ደወል ማማ እ.ኤ.አ. በ1489 በመብረቅ ተመትቶ ነበርና፣ በመጀመሪያው ኅትመት ጫፍ አልባ ሆኖ ይታያል። ጫፉ የተጨመረው ማማው ከተጠገነ በኋላ ገበታው ተከልሶ ነው።

በነዚያው ዓመታት ኒኮሎ ብራንካሌዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ እኛ አገር ተቀምጦ ቅዱሳት ሥዕላትን ይሥል ነበር። በአቅጣጫ ከእኛ የተቃረነ ስደተኛ መሆኑ ነው! የትውልድ ከተማው በዓይነ ኅሊናው እንዴት ትታየው ነበር? ማማዋን ከነጉዳቱ ያስታውስ ነበር ወይስ ጠግኖ?

ጥያቄው ለራሴም ነው። እኔም አገሬን የማየው ከሩቅ፣ ከከፍታ ላይ ነው። ተራራውንና ወንዙን በቃሌ እዘረዝራለሁ፤ ሰዉ ግን ያንስብኛል። የተመታውንም ማማ በትዝታዬ ጠግኜ አቆመዋለሁ። ባርባሪ ግን ከተማውን ወዶ ሳለ ጉዳቷን ሳይሸፍን ቀርጿል። ስለ አገራችን የምንጽፍ ሁሉ ቢያንስ ይህን ከርሱ ብንማር ምን ይጎዳናል?

ቸር ይግጠመን።