በጥንዚዛ ክንፍ ያጌጠችው ዴቪ

የባሶሊ ሠዓሊ ለዴቪ የመረግድ ሐብል ሲያደርግላት አረንጓዴ ቀለም አልበጠበጠም። የጥንዚዛን ጠንካራ የክንፍ ሽፋን በጥቃቅኑ ቆርጦ አንድ በአንድ ለጠፈው እንጂ።

ባሶሊ በሰሜን ሕንድ፣ በጃሙ አካባቢ፣ በራቪ ወንዝ አጠገብ ያለች ከተማ ናት፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የራሷ ገዥ የነበራት ትንሽ የተራራ መንግሥት ነበረች። የሂንዱዎቹን እናት አምላክ ዴቪን በልዩ ልዩ መልኳ የሚያሳዩት ዝነኛ ሥዕሎች እ.ኤ.አ. ከ1660 እስከ 1670 ገደማ በዚሁ አካባቢ እንደተሠሩ ይታመናል። አማልክት ከዴቪ መልኮች አንዷ ለሆነችው ለባድራካሊ ሲሰግዱላት የሚያሳየው አንዱ ሥዕል ኒው ዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

የባሶሊን ሥዕል ከሩቅ ሲያዩት ጎልቶ የሚታየው ድፍን ያለ ደማቅ መደብና ተስቦ የወጣ ትልቅ ዓይን ነው። ቀረብ ሲሉ ግን ሌላ ሥራ ይገለጣል። በጌጧ ላይ ያሉት ሉሎች በነጭ ክብ አልተነቆጡም፤ እያንዳንዱ ሉል ወፍራም ነጭ ቀለም ጠብ ተደርጎ፣ እንዳበጠ የደረቀ ነው። ስለዚህ በጎን ብርሃን ሲመታው የራሱን ጥላ ይጥላል። ከሉሎቹ መሐል የጥንዚዛው ቁራጭ አለ፤ ሥዕሉ ዘንበል ሲል አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ይህ ቀለም ከሽፋኑ ስስ ንጣፎች ከሚነጥረው ብርሃን የሚወለድ በመሆኑ ዕድሜ ብዙ አይጎዳውም።

ከጌጡ በታች ያለውም ሥራ ትዕግሥት የጠየቀ ነው። ወረቀቱ ብዙ ሉህ ተጣብቆ የጠነከረ፣ ዋስሊ የሚባል ነው። ቀለሙ በስሱ፣ ደጋግሞ ይቀባል፤ በየመሐሉም ሥዕሉ በለስላሳ ድንጋይ ላይ ተደፍቶ ከጀርባው አጌት በሚባል ድንጋይ ይታሻል። ያን ጊዜ ቀለሙ ከወረቀቱ ጋር ይዋሐዳል፤ ገጹም ያብረቀርቃል። ሽፋሽፍትና የልብስ ጠርዝ ከሽኮኮ ጭራ ጠጉር በተሠራ ቀጭን ብሩሽ ይሰመራሉ። ሉሉና የክንፉ ቁራጭ ከገጹ ከፍ ያሉ ስለሆኑ ከእሽቱ በኋላ መምጣት አለባቸው፤ ቀድመው ቢገቡ ይደፈጠጣሉ።

ይህን ሁሉ ጌጥ ለማስዋብ ብቻ የገባ ብልጭልጭ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። እነዚህ ሥዕሎች ግድግዳ ላይ አይሰቀሉም ነበር፤ በጨርቅ ተጠቅልለው ይቀመጡና በእጅ ተይዘው ይታዩ ነበር። እጅ ደግሞ ጸጥ ብሎ አይቆይም። በትንሹ ሲነቃነቅ አንዱ መረግድ ይበራል፣ ሌላው ይጠፋል። ለሂንዱ አማኝ አምላክን ማየት በአምላክ መታየትም ነውና፣ ሠዓሊው ዴቪን ሕያው ያደረጋት ተመልካቹ ሲንቀሳቀስ አብሮ በሚንቀሳቀስ ብርሃን ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሌላዋን የተራራ መንግሥት ካንግራን ሳንሳር ቻንድ ሲገዛ፣ የካንግራ ሠዓሊዎች አምላኩን ክሪሽናንና ፍቅረኛውን ራዳን እጅግ በለሰለሰ ቀለም ሠሩ። ውበታቸው አይካድም፤ ብርሃኑ ግን ሠዓሊው ባኖረበት ይቆያል። የባሶሊው ግን ይዞራል። ፎቶግራፍ ላይ ያ መረግድ ጥቁር አረንጓዴ ነጥብ ብቻ ስለሚሆን፣ ሥዕሉን በሙዚየም ያገኘ ሰው ፊት ለፊቱ ተገትሮ አይቅር፤ ጎንበስ ቀና፣ ግራ ቀኝ እያለ ይየው።